«እሳቱ ሰ» ጆሮ ሲያቃጥል

ጥያቄው የመጣው ከፍኖተ ሰላም ነው። አሳጥሬዋለሁ፤ ቃሉ ግን የጠያቂዋ ነው። ዲኤሰር የምትለው የ«ሰ»ን ውጋት የሚቀንስ ሶፍትዌር ነው።

«ጋሼ፣ በየሳምንቱ ትረካ እየቀዳሁ ቴሌግራም ላይ እለቃለሁ። ድሮ የምቀዳው በስልኬ ነበር። ባለፈው ዓመት ኮንደንሰር ማይክ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ‹ሰ› እና ‹ጸ› በመጣ ቁጥር ጆሮ ይወጋል። ፖፕ ፊልተር ገዛሁ፣ ለውጥ የለም። ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ሸፈንኩት፣ ያው ነው። ትሪብሉን ስቀንሰው ድምፄ ብርድ ልብስ ውስጥ የገባ መሰለ። ዲኤሰር አውርጄ ሳስገባበት ደግሞ አድማጮቼ ‹ምላስሽን ምን ነካው?› አሉኝ። ሌላም አለ። አያቴ በወጣትነታቸው ዋሸራ ቅኔ ተምረዋል። የ2 ሰዓት ጨዋታቸውን ቀድቻለሁ፤ መሀል መሀል ላይ ቅኔም ይዘርፋሉ። የፊት ጥርሳቸው ስለወለቀ ‹ሰ› ሲሉ ያፏጫል። ከሁለቱም ናሙና ልኬያለሁ። ለሁለቱም የሚሆን ጥሩ ዲኤሰር የትኛው ነው? ለመግዛት ዝግጁ ነኝ።»

ምንም አትግዢ። የጠየቅሽው አንድ ጥያቄ ነው፤ ናሙናዎቹ ግን ሁለት የተለያየ በሽታ ነው ያለባቸው። ያንቺው ማይኩ ጋ ተጀምሮ ኮምፕረሰሩ፣ ማለትም የጎላውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርገው መሣሪያ፣ ያባባሰው ነው። የአያትሽ ጥርሳቸው ጋ የተጀመረ ነው። ያንቺን እንደገና ትቀጂዋለሽ። የአያትሽን በእጅሽ ትጠግኚዋለሽ። ሁለቱን በአንድ ቁልፍ የሚያድን ዲኤሰር እኔ እስካሁን አላየሁም።

መጀመሪያ «ሰ» ምን እንደሆነ እንይ። እጅሽን ጉሮሮሽ ላይ አድርጊና «ስስስ» በይ፤ ከዚያ «ዝዝዝ»። በሁለተኛው ጉሮሮሽ ይንዘረዘራል፤ በመጀመሪያው ጸጥ ነው። «ሰ» አየር ብቻ ነው። በምላስና በላይኛው ድድ መሀል ባለች ጠባብ መንገድ ሾልኮ ጥርስ ላይ ሲጋጭ የሚወጣ ጫጫታ። የዚህ ጫጫታ ጉልበት ያለው ከፍ ያለው ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ቀጭኑ ድምፅ ላይ ነው። በወንድ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሄርዝ፣ በሴት ድምፅ ከ6 እስከ 10 ኪሎ ሄርዝ ድረስ። ያንቺ ናሙና ላይ ጫፉ 7.5 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ ነው። «ሸ» ግን ዝቅ ይላል፤ ከ2.5 ወይም ከ3 ኪሎ ሄርዝ ነው የሚነሳው። ይህን ቁጥር ያዢው፣ በኋላ ይጠቅመናል።

የቅኔ ቤት ሰው «ንጉሡ ሠ» እና «እሳቱ ሰ» ብሎ ይለያል። አያትሽ ይነግሩሻል። በአማርኛ ዛሬ ሲነገሩ አንድ ናቸው። ማይክሽም ንጉሥ አያውቅም፤ ለሱ ሁለቱም እሳት ናቸው።

«ጸ» ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ትንፋሹ ጉሮሮ ላይ ታፍኖ ይቆይና በአንዴ ይፈነዳል። ስለዚህ ከ«ሰ» አጭር ነው፤ አጀማመሩ ግን ስለት አለው። «ጨ»ም እንደዚሁ። ብዙዎቹ ዲኤሰሮች ይዘውት የሚመጡትን ፕሪሴት (አስቀድሞ የተዘጋጀ ልክ) ያዘጋጀው ሰው «ጸ»ን አስቦ አይደለም። «ሰላም» ላይ ደህና የሰራው ፕሪሴት «ጸሎት» ላይ ሲደርስ የሚያመልጠው አንድም ለዚህ ነው። ማሽኑ እስኪነቃ ፍንዳታው አልፏል። (አያትሽ «ጠሐይ» ነው የሚሉት፣ ናሙናው ላይ ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ። በብዙ የጎጃም አገር ሰው አፍ ላይ ያለ ነው። ይህን «ለማስተካከል» እንዳትሞክሪ። ለኤዲቲንግም ሥራ ይቀንስልሻል።)

አሁን ወደሞከርሻቸው ነገሮች።

ፖፕ ፊልተር የተሰራው ለ«ሰ» አይደለም። «ፖሊስ» ስትዪ ከአፍሽ የሚወጣውን የአየር ቡጢ ለመስበር ነው። ያ ቡጢ ማይኩን ሲመታ «ቡፍ» የሚል ድምፅ ይፈጥራል፤ ችግሩ ያለው ታች፣ ባሱ ላይ ነው። የ«ሰ» ችግር ያለው ግን ከላይ፣ ትሪብሉ ላይ ነው፤ በቀጭኗ ጨርቅ ውስጥ እንዳለ ያልፋል። ፊልተሩን ግን አትጣይው፤ ለ«ፐ» ያስፈልግሻል።

የእንቁላል ካርቶኑን ንቀይው። ይህ ነገር ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ያየሁት የሰፈር ስቱዲዮ ሁሉ ለጥፎታል። ቀጭን ወረቀት ነው። የሚመጠው ድምፅ ጥቂት ነው፤ ያውም አንዱን የድምፅ ክልል ትንሽ ነክቶ ሌላውን ይተወዋል። እሳት ሲነሳ ደግሞ ማገዶ ነው። ከሱ ይልቅ ቤት ያለው ቡልኮ ይበልጣል፤ ወደሱ እመለሳለሁ።

ትሪብል መቀነስ ደግሞ አንድ ሰው ጮኸ ብሎ ጉባኤውን ሁሉ እንደ መበተን ነው። «ሰ» ከአንድ ደቂቃ ትረካ ውስጥ የሚይዘው ጥቂት ሰከንድ ነው። አንቺ ግን ለነዚያ ሰከንዶች ብለሽ የሙሉውን ደቂቃ ብርሃን አጠፋሽው። ትንፋሹ፣ የ«ተ» ጥራት፣ የድምፅሽ ቅርበት ሁሉ ያለው እዚያው ላይ ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ የገባ የመሰለሽ እውነትሽን ነው።

ታዲያ በስልክ ስትቀጂ ለምን አይወጋም ነበር? ስልኩን ራቅ አድርገሽ ነበር የምታስቀምጪው፤ የስልኩ ሶፍትዌርም ድምፁን አብሮ ያሻሻዋል። ርካሽ ኮንደንሰር ማይኮች ግን ከ8 እስከ 12 ኪሎ ሄርዝ ባለው ክልል ላይ ብዙ ጊዜ ከፍ ብለው ነው የሚመጡት። ሱቅ ውስጥ ስትሞክሪው «አቤት ጥራት!» የሚያሰኘው ያ ከፍታ ነው። ጥራት አይደለም፤ ድምቀት ነው። ግማሽ ሰዓት ሲሰማ ያደክማል። አንቺ ደግሞ ከናሙናው እንደምሰማው ማይኩን አፍሽ ላይ ለጥፈሽ፣ ፊት ለፊት ነው የምታነቢው። ስለዚህ ማይኩ ያን ሁሉ አየር በቀጥታ ይቀበላል።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ኮምፕረሰሩ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይጠረጥርም። በቁጥር ላሳይሽ። «ሳ» ብለሽ ስታነቢ ድምፁ ጎልቶ የሚወጣው «ኣ» ላይ ነው፤ «ስ» ከሱ ዝቅ ያለ ነው። ኮምፕረሰሩ የጎላውን «ኣ» በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይቀንሰዋል። «ስ» ከወሰኑ በታች ስለሆነ አይነካውም። ቀጥሎ «ድምፁ አነሰ» ተብሎ ሁሉም በ6 ዴሲቤል ከፍ ይላል። ውጤቱ ምን ሆነ? «ኣ» በነበረበት ቀረ፤ «ስ» 6 ዴሲቤል ወጣ፣ ማለትም የሞገዱ ቁመት እጥፍ ሆነ። በዚያ ላይ «ድምፅ እንዲያበራ» ብለሽ 10 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ በኢኪው፣ ማለትም የድምፅ ክልሎችን ለየብቻ ከፍ ዝቅ በሚያደርገው መሣሪያ፣ ጨምረሻል። እሳቱን ራስሽ አንድደሽ ውሃ ፍለጋ ወጣሽ ማለት ነው።

ስለዚህ ሌላ ነገር ከመንካትሽ በፊት ኮምፕረሰሩንና ኢኪውን አጥፍተሽ ጥሬውን ስሚው። ናሙናሽ ላይ ከነበረው ውጋት ትልቁ ድርሻ እዚያው ይጠፋል ብዬ እገምታለሁ። ስትሰሚ ደግሞ በአንድ ኤርፎን አትፍረጂ። ርካሽ ኤርፎኖች ራሳቸው እዚያው «ሰ» ያለበት ክልል ላይ የሚጮሁ አሉ። በስልኩ ስፒከር፣ በሌላ ሰው ኤርፎን፣ ከተቻለም ባጃጅ ውስጥ ስሚው። ባሕር ዳር ላይ ትሪብሉን እስከ ጥግ ያላዞረ ባጃጅ ገጥሞኝ አያውቅም፤ እዚያ ላይ የቻልሽው «ሰ» የትም ይቻላል።

ዲኤሰር ተዓምር አይደለም። አንዱን ክልል ብቻ እንዲያዳምጥ የታዘዘ ኮምፕረሰር ነው። በሰጠሽው ፍሪኩዌንሲ ላይ ጉልበት ሲያይ ይነቃል፣ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ሲያልፍ ይለቃል። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ «ሰ» ሲመጣ ድምፁን በሙሉ ለዚያች ቅጽበት ዝቅ ያደርጋል። ሌላው የላይኛውን ክልል ብቻ ለይቶ ይጫናል። ለትረካ ሁለቱም ይሰራሉ። ሁለተኛው ሲበዛበት ግን ድምፅን ኮልታፋ ያደርጋል። አንቺ ጋ የሆነው ይህ ነው። ናሙናሽ ላይ አንዳንዱን «ሰ» ከ12 ዴሲቤል በላይ ጨፍልቆታል። የሚያስፈልግሽ ከ3 እስከ 5 ነበር።

ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ድርጅት ማስታወቂያ ቀዳሁ። አንባቢው «ሰ» ላይ ይወጋ ነበር፣ እኔም ዲኤሰሩን ጨበጥኩት። ስቱዲዮ ውስጥ እንደ ቅቤ ለሰለሰ። ደንበኛው ግን በስልክ ነበር የሰማው። የማስታወቂያው ቃል «ለዓመታት አብረናችሁ ስንሰራ ቆይተናል» ነው የሚለው። ሰውዬው ደወለና «ምነው ወንድሜ፣ ‹ስንፈራ ቆይተናል› አስባልከን?» አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ገንዘቡ ግን ሁለት ሳምንት ዘገየ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። «ሰ» እና «ፈ» ሁለቱም የአየር ጫጫታ ናቸው። የሚለያቸው በዋናነት «ሰ» ላይኛው ክልል ላይ ያለው ጉልበት ነው። መደበኛ የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ ያለውን ብቻ ስለሚያሳልፍ ያንን ጉልበት ቀድሞውንም ይቆርጠዋል። በስልክ ስም ስናስመዘግብ «‹ሰ› ነው ያሉት ‹ፈ›?» የምንባለው ለዚህ ነው። በዲኤሰር የተዳከመ «ሰ» በስልክ ሲያልፍ ምንም አይተርፈውም። «ሰራ» እና «ፈራ»፣ «ሰላ» እና «ፈላ» ይደበላለቃሉ። ዲኤሰሩን ደግሞ በስህተት 3 ወይም 4 ኪሎ ሄርዝ ላይ ካስቀመጥሽው «ሸ»ን ይይዛል። ያን አካባቢ በጅምላ ከጨፈለቅሽው ሰውየው በሬውን ይስጠው ይሽጠው ሳይለይ ይቀራል። ጆሯችን ይበልጥ የሚነቃው ከ2 እስከ 5 ኪሎ ሄርዝ ባለው ክልል ስለሆነ፣ እዚያ የሰራሽው ጥፋት ቶሎ ይታወቃል።

«ሰ» ጠላትሽ አይደለም። ቃሉን ለጆሮ የሚያደርሰው እሱ ነው። ከቦታው ያለፈውን ብቻ ነው የምትመልሺው።

እንግዲህ ያንቺን ትረካ እንዲህ ቅጂው። ማይኩን ከአፍሽ አንድ ስንዝር ከምናምን አርቂው፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ርቀቱን እጥፍ ስታደርጊ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ ያንን በገይን (የማይኩን ድምፅ ማጉያ) ትመልሺዋለሽ። ከዚያ ዋናው ነገር፦ ማይኩን ከፊትሽ ወደ ጎን አውጪው። 30 ወይም 40 ዲግሪ ያህል። የማይኩ ፊት ወደ አፍሽ ጥግ ይይ፤ ትንፋሽሽ ግን ከጎኑ ይለፍ። የዚህ ጥቅም ትልቅ ነው። ዝቅ ያለው ድምፅ ከአፍ ወጥቶ ወደ ዙሪያው ይበተናል፤ «ሰ» ግን እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ነው የሚወረወረው። ጎን ላይ ያለ ማይክ የድምፅሽን ወዝ እንዳለ ያገኛል፣ ከ«ሰ» ግን ትርፍራፊውን ብቻ።

ዘዋሪ ማቆሚያ ከሌለሽ የድሮ ስቱዲዮ ሰዎች ዘዴ አለ። እርሳስ በላስቲክ ማይኩ ላይ ቀጥ አድርገሽ እሰሪ፣ መሀሉን እንዲከልል። አየሩን ለሁለት ይከፍለዋል። ሲያዩት ቀልድ ይመስላል፤ ይሰራል። ማዞሩን ግን አይተካም።

ክፍልሽ ብሎኬት ነው፣ ወለሉም ሴራሚክ ነው ብያለሁ ከማሚቶው። ተሳሳትኩ? «ሰ» ልስን ሲሚንቶ ላይ ይነጥርና ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል፤ ጭራው የሚረዝመውም ለዚህ ነው። ከኋላሽ ቡልኮ ስቀይ። ከኋላሽ ነው ያልኩት፤ ብዙ ሰው ከማይኩ ጀርባ ይሰቅልና ይገረማል። ማይክሽ የሚያየው ወደ አንቺ ስለሆነ የሚሰማው ከጀርባሽ የሚመጣውን ነው። ግድግዳው ላይ አትለጥፊው፤ አንድ ስንዝር ያህል አርቀሽ አንጠልጥይው። ቡልኮ ከሌለ ሁለት ጋቢ ደርቢ። ወለሉ ላይ ፍራሽ ብታነጥፊ ደግሞ ጥሩ። ሰኔ ገብቶ ቆርቆሮው መጮህ ከጀመረ ግን ምንም ቡልኮ አይረዳሽም፤ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቂ።

ስታነቢም ፈገግታሽን ልከኛ አድርጊው። ከንፈር ወደ ጎን ሲለጠጥ «ሰ» ይቀጥናል፣ ይሰላል። የማስታወቂያ አንባቢዎች «ሰ» የሚወጋው አንዳንዴ በዚህ ነው። ገይኑን ደግሞ ስትጮኺ ጫፉ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል መሀል እንዲቀር አድርጊ። ቀዩን የነካ «ሰ» ተሰብሯል፤ የተሰበረውን ዲኤሰር አይጠግነውም፣ ዝቅ ብሎ የተሰበረ ድምፅ ነው የሚሆንልሽ።

ከመጀመርሽ በፊት ይህን ዓረፍተ ነገር አንብበሽ ቅጂ፦ «ሰኞ ጠዋት ሰባት ሰው ሳር ሲያስር ፀሐይ ሸሸች።» አንዴ ፊት ለፊት፣ አንዴ ማይኩን አዙረሽ። ሁለቱን አንድ ድምፅ መጠን ላይ አድርገሽ አወዳድሪ። ልዩነቱን ሰምተሽ ወደ ዲኤሰር ከተመለስሽ ይገርመኛል።

ከዚህ በኋላም የሚወጉ ጥቂቶች ይቀራሉ። እነሱን በእጅ። ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፣ ይበቃሻል። ትራኩን ከሞገድ ወደ ስፔክትሮግራም ቀይሪው፤ ወፍራሙን ድምፅ ከታች፣ ቀጭኑን ከላይ አድርጎ የሚያሳይ ሥዕል ነው። «ሰ» ከላይ እንደ ደመና ተሰብስቦ ይታይሻል፤ «ሸ» ዝቅ ብሎ የወረደ ደመና ነው፤ «ጸ» ቀጭን ቀጥ ያለ መስመር ነው። ትንሽ ከለመድሽ በዓይንሽ ታነቢዋለሽ። የሚወጋውን ብቻ ምረጪ። ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከሰከንድ አንድ አስረኛ ብዙም አይርቅም፤ ጠበቅ ብሎ ሲነገር፣ ለምሳሌ «ደስ አለኝ» ላይ፣ ይረዝማል። ዜድን ስትጫኚ የምርጫሽ ጠርዝ ሞገዱ ዜሮን የሚያቋርጥበት ላይ ያርፋል፤ ይህ «ጠቅ» የሚል ድምፅ እንዳይፈጠር ነው። ከዚያ አምፕሊፋይ ከፍተሽ -4 ስጪው። ለሚቀጥለው ኮንትሮልና አርን መጫን ይበቃል፣ የመጨረሻውን ኢፌክት ይደግመዋል። ከማይኩ ችግር የጸዳ የ10 ደቂቃ ትረካ እኔን ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅብኝም። አንቺን መጀመሪያ ላይ አንድ ሰዓት ይፈጅብሻል።

ይህን ሁሉ የምታደርጊው ከኮምፕረሰሩ በፊት ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ኮምፕረሰሩ ቢበዛ 3 ወይም 4 ዴሲቤል ይቀንስ። ከሱ በኋላ፣ ካስፈለገ ብቻ፣ ለስለስ ያለ ዲኤሰር። ለዚህ የሚሆነውም በነጻ አለ። ቲዲአር ኖቫ የሚባል ኢኪው አለ፤ አንዱን ክልል «ጉልበት ሲመጣ ብቻ ቀንስ» ብለሽ ማዘዝ ትችያለሽ። ለድምፅሽ 7,500 ሄርዝ ላይ አድርጊው። ማንቂያውን፣ ማለትም አታክ የሚሉትን፣ 1 ሚሊ ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች፤ «ጸ» እንዳያመልጥ። መልቀቂያውን 50 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ። ትሬሾልዱን፣ ማለትም የሚነቃበትን ወሰን፣ እያወረድሽ መርፌው በከባዱ «ሰ» ላይ ብቻ 3 ዴሲቤል ሲነካ አቁሚ። እያንዳንዱ «ሰ» ላይ ከተንቀሳቀሰ አብዝተሻል። አናባቢ ላይ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ቦታውን ስተሻል።

ቪዲዮም የምትሰሪ ከሆነ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነጻው ቅጂው ላይ ዲኤሰር አለው። የሚከፈልባቸው ጥሩ ጥሩዎች አሉ፣ አልክድም፤ ጊዜ ይቆጥባሉ። ግን የዶላር ካርድ ፍለጋ ስትንከራተቺ መጨረሻሽ ክራክ ማውረድ ነው። ከዚያ ቫይረሱ የአያትሽን ፋይል ይበላዋል። ይቅርብሽ።

ስታወጪው ሞኖ አድርጊ፤ የአንድ ሰው ትረካ ሁለት ጆሮ አያስፈልገውም። ኤምፒ3 ከሆነ ከ96 ኪሎ ቢት አትውረጂ፣ 128 ቢሆን ደግ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ መጀመሪያ የሚጎዳው «ሰ» ነው፤ ውሃ ውስጥ እንደሚንጫጫ ይሆናል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ በፋይል ላኪው እንጂ ስፒከር ፊት ይዘሽ በቮይስ አትቅጂው። እንደዚያ የሚያደርጉ አይቻለሁ።

አሁን ወደ አያትሽ።

እዚህ «እንደገና ቅጂ» የሚለው ምክር አይሰራም። አዲስ ጨዋታ ልትቀጂ ትችያለሽ፤ ያንን ቅጽበት ግን አትመልሺውም። ስለዚህ መጀመሪያ ኦሪጅናሉን ፋይል ሁለት ቦታ አስቀምጪ፣ አንዱ ከቤትሽ ውጭ ይሁን። ኤዲት የምታደርጊው በኮፒው ላይ ብቻ።

ፋይሉ በምን ዓይነት እንደተቀዳ እዪ። የፋይሉ ስም መጨረሻ ኤኤምአር ከሆነ ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ብቻ ነው የተለካው። ያ ማለት ከ4 ኪሎ ሄርዝ በላይ ምንም የለም ማለት ነው። የሌለ ነገር ደግሞ በ7 ኪሎ ሄርዝ ዲኤሰር አይያዝም። ያንቺ ናሙና ግን ከዚያ በላይ አለው፤ እስከ 15 ኪሎ ሄርዝ ድረስ ይታያል፣ ተመስገን።

የሳቸው ችግር እንዳንቺ ሰፊ ጫጫታ አይደለም። በተወለቀው ጥርስ ቀዳዳ አየር ሲሾልክ እንደ ዋሽንት አንድ ጠባብ ድምፅ ያወጣል። በስፔክትሮግራም ላይ ደመና አይደለም፤ ቀጭን ብሩህ መስመር ነው። ናሙናው ላይ 5.8 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ አገኘሁት፤ ከንፈራቸው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ለዚህ ሰፊ ዲኤሰር ማስገባት ለትንኝ መድፍ መተኮስ ነው። ኖቫ ላይ ጠባብ ክልል ምረጪ፣ ኪው የሚለውን (የክልሉን ጥበት) 6 አካባቢ አድርጊው፣ 5,800 ላይ። ፉጨቱ ሲመጣ ብቻ እስከ 6 ዴሲቤል ይቀንስ። ጠባብ ስለሆነ የቀረውን «ሰ» አይነካውም፤ ቃሉ እንዳለ ይቆያል።

ኖይዝ ሪዳክሽን፣ ማለትም ጫጫታ ማጥፊያውን፣ ከነካሽም በጣም በትንሹ። «ሰ» ራሱ ጫጫታ ስለሆነ ማሽኑ ከዝናብና ከነፋስ ለይቶ ላያውቀው ይችላል። አብሮ ያጥበዋል፣ ጫፉንም እንደ ብርጭቆ ስባሪ ይተወዋል። ከኋላ የሚሰማውን ዶሮ ተይው። ዶሮ ማንንም አይጎዳም።

ሁለት ሰዓቱን በሙሉ አንድ ዓይነት አድርገሽ ለማለስለስ አትሞክሪ። ጨዋታው ላይ እስከ 6 ዴሲቤል ሂጂ፤ አድማጭ ረጅም ሰዓት ስለሚሰማ ይደክመዋል። ቅኔው ሲመጣ ግን እጅሽን ሰብስቢ። ቅኔ ላይ አንድ ፊደል ከተዛባ ሰሙም ወርቁም ይጠፋል። አድማጩ «ሰ» ይሁን «ፈ» ብሎ የሚጠራጠርበት ቦታ መኖር የለበትም። እያንዳንዱን ቅኔ ካስተካከልሽ በኋላ ለራሳቸው አሰሚያቸው፤ በስልክ ስፒከር። «ምን አልኩ እዚህ ጋ?» ብለው ከጠየቁሽ አብዝተሻልና መልሺው። እኔ ብሆን ቅኔው ላይ 2 ዴሲቤል ብቻ ነክቼ ፉጨቱን ከነነፍሱ እተወዋለሁ።